«እይታ ነው ያልነው፣ አይታችኋል»፦ የካርድና የሰሜን ተራሮች ጉዞ ልትገዙ ላሰባችሁ

ጎንደር ያላችሁ፣ ወይም ለበዓል ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ቴሌግራም ላይ «በእጅ የሚሠራ የእንቁጣጣሽ ካርድና የሰሜን ተራሮች እይታ፣ ሁሉንም ያካተተ የአንድ ቀን ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ከላይ ጭላዳ፣ ከታች ዋልያ፣ መሃል ላይ የሠራችውን ካርድ ከፍ አድርጋ የያዘች ልጅ አለች። እኔን የጣለችኝ ያቺ ልጅ ናት።

እኛ ቤት ነሐሴ ሲያልቅ ጠረጴዛው የቀለም ነው። ልጄ አበባና መልአክ ስሎ ለጎረቤት ያዞራል፣ እህቱ አበባየሆሽ ትለማመዳለች። ማስታወቂያው ደግሞ «ሰዓሊ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ በብራናና በደረቀ ኮባ ያሠራችኋል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ» ይላል። ለባለቤቴ፣ ለሁለቱ ልጆችና ለራሴ፣ በሰው 2,800፣ በድምሩ 11,200 ብር በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ቴሌብሩ ራሱ ደረሰኝ ነው እኮ እህቴ» አሉኝ። መንቃት የነበረብኝ እዚህ ጋ ነበር።

ከፒያሳ መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተባለ። ሚኒባሱ ብቅ ያለው 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ወለቃ ላይ የሸክላ ምስል ልግዛ ብል «በመልስ» ተባልኩ። በመልስ ጨልሞ ነበር።

ገደሉ ቁልቁል የሚታይበት ኮሶዬ ስንደርስ ጉም። ክረምት ሳይወጣ ኮሶዬ ጉም መሆኑ የማንም ጥፋት አይደለም፤ በዋዜማው ደውዬ ስጠይቅ «አሁን ጠርቷል፣ አትስጊ» ያለኝ ሰው ግን ጥፋተኛ ነው። አፋፉ ላይ ቆመን ያየነው ነገር ቢኖር የተዘረጋ ጋቢ የመሰለ ነጭ ነው። ያንን ገደል በደንብ ማየት የፈለገ ዝናቡ አባርቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ወይም ጥቅምት ላይ ይሂድ። መንገዱም ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን ደባርቅ ገባን። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ነው፤ የመግቢያ የሚከፈለው፣ መሣሪያ የያዘ አጃቢ (ስካውት) የሚመደበውም እዚያ ነው። የእኛ ሚኒባስ ጽሕፈት ቤቱን አልፎ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆመ። «መግቢያው አልተከፈለም እንዴ?» አልኩት አስጎብኚውን።

«ፓርክ እንገባለን ያለ ማን ነው? የሰሜን ተራሮች እይታ ነው ያልነው። አይታችኋል።»

ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ጉሙንም ቆጥረህብን ነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከልጄ በቀር። እሱ ጭላዳ ሊያይ ነበር የመጣው።

እና ወደ ካርዱ። ሰዓሊ የተባለው አልመጣም። በረንዳ ላይ ለ11 ሰው ሁለት መቀስ ቀረበልን። ወረቀቱ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ አበባው ሳይቀር ታትሞበት የመጣ ነው። የቀረልን ሥራ ኮባ መለጠፍ ብቻ ነበር፤ ኮላው ደግሞ ውኃ ሆኗል። የደረቀ ኮባ ላይ ቀጭን ኮላ ስታደርጉበት ወዲያው ይጨማደዳል። ወፈር ያለ ኮላ በስሱ ተቀብቶ፣ መጽሐፍ ተጭኖበት ማደር አለበት። ወፍራም ወረቀትም ሲታጠፍ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በማስመሪያና በቢላ ጀርባ መስመር ይሰመርለታል። የእኛዎቹ ሁሉ እጥፋታቸው ላይ ተሰንጥቀዋል። 25 ደቂቃ ሳይሞላ «ጨረሳችሁ?» ተባልን።

ከዚያ ሽያጩ መጣ። «የብራና ካርድ፣ በእጅ የተሳለ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መልአክ» ብለው በ350 ብር። እኔም ለአዲስ አበባ ዘመዶች ስድስት ገዛሁ። አዎ፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ! ማታ ቤት ደርሼ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው የመጀመሪያው መልአክ ግራ ዓይን ላይ ቀለም ትንሽ ሾልኮ ወደ ጉንጩ ወርዷል። ደስ አለኝ፤ የሰው እጅ እንዲህ ነው ብዬ። ሁለተኛውም ወርዷል። ስድስቱም፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ሳየው የዓይኑ ብሌን ጥቃቅን ባለቀለም ነጥብ ሆነ። ሕትመት ነው። ጣቴን አርሼ ጥጉን ብነካው «ብራናው» እንደ ጥጥ ተነሳ። ወረቀት ነው፤ ምናልባት ሻይ የጠጣ።

እውነተኛ ብራና ቆዳ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የፍየል። ወደ ብርሃን ስታነሱት ውፍረቱ እኩል አይሆንም፤ አንዳንዴ ፀጉሩ የነበረበት ነጥብ ነጥብ፣ አንዳንዴም የደም ሥሩ መስመር ይታያል። በጣት እርጥበት አይቦጨቅም። ሻጩ ወደ ብርሃን እንዳታነሱ ከከለከላችሁ አስቀምጡትና ሂዱ።

ይህን ጉዞ ወይም መሰሉን የግድ ከገዛችሁ «ሁሉንም ያካተተ» የሚለውን ተዉትና በጽሑፍ ጠይቁ። የፓርክ መግቢያና ስካውት ማን ይከፍላል? በፓርኩ መግቢያ፣ በቡይት ራስ በር ትገባላችሁ? ፓርኩ ውስጥ ያለው ካምፕ፣ ሳንቃበር ትደርሳላችሁ? ያሠራል የተባለው ሰዓሊ የሠራው ካርድ ፎቶ አለ? ልብስም ያዙ፤ ሳንቃበር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። እኛ ብርዱን ለመቅመስም አልታደልንም።

ገንዘቤን ስጠይቅ ለቀጣይ ጉዞ የ20 በመቶ ቅናሽ እንሰጥሻለን አሉ። ደግሜ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጡኝ። ማስታወቂያውን ግን ቀድሜ ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ፣ ስድስቱም ካርዶች እጄ ላይ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ወደ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። በዚያ ቅዳሜ አብራችሁን የነበራችሁ ሰባት ሰዎች፣ የቴሌብር መልእክታችሁን እንዳታጠፉ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼ፣ ስለ ጉሙ የጠየቁት፣ እርስዎ ቢመጡ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።