ስላልፈገፈጉልኝ አመሰግናለሁ

መኪናዬን ላዩልኝ፣ ሳሪስ ላሉት የመኪና ቀለም ባለሙያ ጋሼ የሚገባቸውን ምስጋና ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ዛሬ ልገላገል።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። አዲሷን መኪናዬን ያበላሸኋት እኔው ነኝ። ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችንን ከሞሉት አንዷ። እናቴ ጸበል ረጨችባት። የወንበሩን ላስቲክ “እንዳታነሺው” ተባልኩ። ለጉዞ ብለው ኮፈኗ ላይ የለጠፉትን ላስቲክ ደግሞ እኔ ራሴ “ይቆይ፣ አዲስነቷ ይታወቅ” አልኩ። ሁለት ወር ፀሐይ ከመታው በኋላ ስልጠው ሙጫው ዙሪያውን ቀረ። ወንድሜ ምላጭ ይዞ ሲመጣ ጮህኩበት።

ከዚያ የሰፈር አጣቢዎች አሉ። አንድ ባልዲ፣ አንድ እፍኝ ኦሞ፣ አንድ ጨርቅ። ጎማውን የጠረገው ጨርቅ ዞሮ በሩን ይጠርጋል። አንድ ማታ ቻርጅ ላደርግ ቆሜ መብራቱ ሲያርፍባት፣ በሩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አየሁ። ጠጋ ስል ደግሞ በርበሬ የተበተነባት ይመስል ጥቃቅን ብርቱካናማ ነጠብጣብ። “ዛገች!” አልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላት!

መጀመሪያ የሄድኩበት ላቫጆ ሙሉዋን ፖሊሽ ተደርጋ ሴራሚክ የሚሉት የቀለም መከላከያ ካልተቀባች አለቀላት አለኝ። የጠየቁኝ ብር የአራት ወር የቤት ኪራዬን ያህላል። ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት “ቆይ፣ መጀመሪያ ጋሼ ይዩልሽ” ያለችኝ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በመኪና ቀለም ቅብ የጨረሱ ሰው ናቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ምንም ሳይሉ ውሃ ለቀቁባት። በእጃቸው ሳይነኩ፣ ከጣሪያው ወደ ታች፣ አፈሩ በራሱ እስኪወርድ። ቀጥለው ፌስታል አምጥተው “እጅሽን አስገቢና ዳብሺ” አሉኝ። በባዶ እጄ ስነካው ልስልስ ያለው በር፣ በፌስታሉ ስዳብሰው አሸዋ አሸዋ አለኝ።

አንድ ፈሳሽ ነፉበት። ጥቂት ደቂቃ ቆየና እያንዳንዱ ነጠብጣብ ወይን ጠጅ ቀለም እያነባ መውረድ ጀመረ። ቆሜ ቀረሁ። “መኪናሽ አልዛገችም፤ ከውጭ የመጣ ብረት ነው ያረፈባት” አሉ። “ፌሮ የሚቆረጥበት አጠገብ ታቆሚያለሽ?” ቢሮአችን አጠገብ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ከመቁረጫው የሚፈናጠረው ብረት ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። የቀረውን እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ነገር፣ ሳሙና እያደረጉ፣ ቀስ ብለው አነሱት። ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ በጣታቸው አንከባለሉት። ምላጭ የለ፣ ቤንዚን የለ።

“ፖሊሹስ?” አልኳቸው። ለዚህ መልሳቸው ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

“ልጄ፣ ፖሊሽ ጭረት አይሞላም። ዙሪያውን ልጎ ከጭረቱ እኩል ያወርደዋል እንጂ።” ከላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ሽፋን ከፀጉር የቀጠነ መሆኑን ነገሩኝ። በየጊዜው ከተላገ ያልቃል፣ ካለቀ ደግሞ መኪናውን እንደገና መቀባት ነው። “ዛሬ ብልግልሽ ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ጨርቅ ጭረቱን መልሰው ያመጡልሻል። መጀመሪያ አስተጣጠቡን አስተካክይ።” ከእጀታው ሥር ያለችውን አንዷን ጭረት ብቻ በእጃቸው አሹልኝ፣ ሰም ቀቡልኝ፣ በቃ። አዲስ ቀለም ሰም ከመቀባቱ በፊት ወራት መቆየት አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር ደንገጥ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ በስሎ የሚወጣ ነው። መቆየት ያለበት ጋራዥ የተቀባው ነው።

አሁን ሁለት ባልዲ አለኝ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። የጎማው ጨርቅ ለብቻው ነው። ኦሞ ቀርቷል፤ የመኪና ሻምፑ ገዝቻለሁ። የወፍ ኩስ ሳይ አልፍቀውም፤ እርጥብ ሶፍት አልብሼው ሲርስ አነሳዋለሁ። የከበደኝ ዘበኛችንን ማስተው ነው። በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ አቧራዋን ይወለውሉልኝ ነበር፣ በፍቅር! አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት እንደሚጭር ስነግራቸው ቅር አላቸው። አሁን ጨርቁ መስኮቱ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ እሱም ረጥቦ።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ዘገምተኛ ናቸው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ተቀምጫለሁ። ስልክ አያነሱም፣ በቀን ከአንድ መኪና በላይ አይቀበሉም። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍም አስምለውኛል፤ “ሰልፍ አልወድም” ነው ያሉት። የምር የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና ቦታውን እጠቁመዋለሁ። ስትሄዱ መኪናችሁን አሳጥባችሁ አትሂዱ። አፈሯን እንደያዘች ሊያዩዋት ይፈልጋሉ።