መርሜይድ፦ ዲያግራም በጽሑፍ የሚሠራበት መሣሪያ ሲገመገም

ለሶፍትዌር ዲያግራም መሥራት የሚጀምር ሰው በየትኛው መሣሪያ ይለማመድ ቢባል መልሳችን መርሜይድ ነው። ለሁሉም ሥራ ግን አይሆንም። ክኑት ስቬይድክቪስት በ2014 የጀመረው ይህ ክፍት ምንጭ መሣሪያ ሳጥን በማውስ አያስጎትትም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በጽሑፍ ታሰፍራላችሁ፣ ሥዕሉን ራሱ ያወጣዋል። ለመሞከር ምንም መጫን አያስፈልግም፣ ብራውዘር ይበቃል። የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሀብ ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግለጫ) ፋይል ውስጥ የተጻፈውን በቀጥታ ሥዕል አድርጎ ያሳያል።

ትልቁ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። ዲያግራሙ ከኮዱ ጋር በአንድ ኮሚት (ተመዝግቦ በሚቀመጥ ለውጥ) ይለወጣል፣ ገምጋሚው የትኛው ቀስት እንደተነካ መስመሩን አይቶ ያውቃል። ሳጥን በማውስ እየተጎተተ በሚሠራበት በድሮው አይኦ (draw.io) ግን አንድ ሳጥን ትንሽ ብታንቀሳቅሱ ፋይሉ ላይ የሚታየው ለውጥ የቁጥር ክምር ነው።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍሎውቻርት (የሥራን ሂደት በሳጥንና በቀስት ወደሚያሳየው ሥዕል) ይሮጣሉ። እኛ ማን ለማን በምን ተራ መልእክት እንደሚልክ ከሚያሳየው ከሲኩዌንስ ዲያግራም ጀምሩ እንላለን፤ ስህተት የሚያጋልጠው እሱ ነው። የኦንላይን ክፍያን እንውሰድ። መጀመሪያ ተሳታፊዎቹን በቅደም ተከተል አስመዝግቡ፦ ደንበኛ፣ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ የክፍያ አገልግሎት። ከግራ ወደ ቀኝ የሚቆሙት በተመዘገቡበት ተራ ነው። ጥያቄን በ->>፣ መልስን በተቆራረጠው -->> ጻፉ፤ አውቶነምበር የሚለውን ትእዛዝ ከላይ ካስገባችሁ እያንዳንዱ ቀስት ቁጥር ያገኛል፣ በውይይት ጊዜም «4ኛው ላይ ችግር አለ» ማለት ይቻላል። አሁን ተመልከቱ፦ ሰርቨሩ በ3ኛው ቀስት የክፍያ አገልግሎቱን ጠርቶ ትእዛዙን ዳታቤዝ ላይ የሚመዘግበው በ4ኛው ከሆነ፣ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ከምዝገባው ቀድሞ ሊደርስና የሚያርፍበት ትእዛዝ ሊያጣ ይችላል። ኮዱን ብቻ ሲያነቡት ይህ በቀላሉ ያመልጣል። ክፍያው ያልተሳካበትንም መንገድ አልት (alt) እና ኤልስ (else) በሚሉት ትእዛዞች ለዩት፤ የተሳካው መንገድ ብቻ ያለበት ዲያግራም ግማሽ ሰነድ ነው። ተሳታፊዎቹ ከ7 ካለፉ ለሁለት ክፈሉት።

የሚያበሳጩ ነገሮችም አሉት። በፍሎውቻርት ውስጥ «ኤንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሽ ፊደላት ለሳጥን ከተጠቀማችሁ ሥዕሉ ይበላሻል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ አድርጉት። በሳጥኑ ጽሑፍ ውስጥ ቅንፍ ካለ ጽሑፉን በሙሉ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት። ከሦስት ሰረዝ ቀጥሎ ሳይራራቅ በትንሿ ኦ ወይም ኤክስ የሚጀምር ስም ከመጣ መስመሩ ጫፍ ላይ ያላሰባችሁት ክብ ወይም መስቀል ይወጣል። በነባሪው ሳጥኖችን የሚያገናኙ 500 መስመሮችን ብቻ ይቀበላል፤ እዚያ ከደረሳችሁ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም።

አማርኛ በደንብ ይሠራል። የሳጥኑን መለያ አጭር የላቲን ፊደል አድርጉ፣ የሚታየውን ጽሑፍ በጥቅስ ውስጥ በአማርኛ ጻፉ። ብራውዘር ላይ ያማረው ሥዕል በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ከባቢ በሚያስኬደው መሣሪያ) ውስጥ በትእዛዝ መስመር ሲወጣ ፊደሉ ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ኮንቴይነሩ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑበት። በኤስቪጂ የሥዕል ፋይል አውጥታችሁ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ማረሚያ ስትከፍቱት ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ ምክንያቱ መርሜይድ ጽሑፉን በኤችቲኤምኤል ስለሚያስቀምጠው ነው፤ ኤችቲኤምኤል ሌብልስ የሚለውን ቅንብር አጥፉ፣ ወይም በፒኤንጂ መጠኑን አሳድጋችሁ አውጡ።

እውነተኛው ድክመቱ የሳጥኖቹን ቦታ ራሳችሁ መወሰን አለመቻላችሁ ነው። ሳጥኖቹ ከ15 ሲበልጡ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ከላይ ወደ ታች የነበረውን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ አያድንም። ስለዚህ የሥርዓቱን አጠቃላይ ገጽታ፣ ማለትም ሶፍትዌርን ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር በአራት ደረጃ የሚያሳየውን የሲ4 ሞዴል የመጀመሪያ ሁለት ደረጃዎች፣ በድሮው አይኦ ሥሩ። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የዴስክቶፕ ቅጂም አለው። ፒኤንጂ ስታወጡ የዲያግራሙን ቅጂ አብሮ የሚያስገባውን ምርጫ አትዝለሉት፤ ያኔ ሥዕሉን ራሱን መልሶ ከፍቶ ማረም ይቻላል።

ሌላው በጽሑፍ የሚሠራበት መሣሪያ ፕላንትዩኤምኤል በአቀማመጥ ላይ የበለጠ ሥልጣን ይሰጣል፣ ግን ጃቫ ይፈልጋል፣ ለብዙዎቹ የዲያግራም ዓይነቶችም ሳጥኖቹን የሚያደራጀው ግራፍቪዝ የሚባል ፕሮግራም ይጨመርበታል። የሕዝብ ሰርቨሩን ስትጠቀሙ የጻፋችሁት ወደ ውጭ ይወጣል፤ የባንክ ወይም የሆስፒታል ሥርዓት ከሆነ በራሳችሁ ማሽን ላይ አስኪዱት።