ጀበናዋን ምን አረጋችኋት?

ስሙን አልጠራም፣ ጅማ መርካቶ በኩል ጠዋት ጠዋት የሚያልፍ ሰው ግን ሽታው ራሱ ይነግረዋል። ቡና ቆልቶ ፈጭቶ በግማሽ ኪሎ እያሸገ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ለእንግዳ ከሆነ እማዬ ራሷ ናት የምትቆላው፣ ማለዳ ሁላችንም ስንሯሯጥ ግን የነሱን ነው የምናፈላው፣ አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶችም የምንልከው እሱኑ ነው፣ እና ስንት አመት የገዛሁ ሰው ስለሆንኩ ዛሬ ትንሽ ልናገር።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ሱቁን አልፌው ሄድኩ። ታፔላው ተቀይሯላ! ድሮ አፏ ወደ ግራ ጠመም ያለች ጥቁር ጀበና ነበረች፣ አጠገቧ ባለ ሶስት እግሯ የጅማ በርጩማ፣ ከላይ ሶስት መስመር ጭስ፣ በእጅ የተሳለ ስለሆነ አንደኛው ጭስ ከሌሎቹ ወፈር ይላል። አሁን አረንጓዴ ክብ ነው፣ ውስጡ አንድ ቀጭን መስመር፣ ቅጠል ይሁን ጠብታ እንጃ። ማሸጊያው ላይ ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም ወጥቷል።

ወረፋ ላይ ስቆም ሌላ ወሬ የለም። ባጃጁን አቁሞ የገባው ልጅ «ፋርማሲ ከፈታችሁ እንዴ?» አለ ሁሉም ሳቀ፣ አንድ አባት በሩ ላይ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠው «ኩን ማሊ?» እያሉ፣ በኦሮምኛ ይሄ ምንድነው ማለት ነው፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ የማዳበሪያ ከረጢት ነው የሚመስለው አለች። የወደዱትም አሉ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ያምራል፣ አዲስ አበባ ያለ ካፌ ነው የሚመስለው» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኔን የከነከነኝ ደሞ እሱው ነው፣ ጅማ ተቀምጦ አዲስ አበባን መምሰል ምን ይሉታል? ሻጯ ምስኪን መልስ መስጠት ሰልችቷት ካርቶን ቀዳ በማርከር «እኛው ነን» ብላ ባንኮኒው ላይ ለጥፋለች። አዲስ ሎጎ ወጥቶ እኛው ነን የሚል ካርቶን ካስፈለገው በቃ ነገሩ አልሰራም ማለት ነው።

እቤት ስደርስ ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው።

«አንተ፣ አታለውሃል። ይሄ የነሱ አይደለም።»

«የነሱ ነው እማ፣ ሎጎ ቀይረው ነው።»

«ሎጎ ምንድነው?»

«ምልክታቸው ነዋ።»

«ታዲያ ምልክት ከሆነ ለምን ይቀየራል?»

ምን ልበላት። እማዬ ፊደል ብዙም አትለይም፣ የሱቁን ስም አንድም ቀን አንብባው አታውቅም፣ ለሷም ለጎረቤቶቿም «ባለጀበናው» ነው። የሰፈር ልጅ ስትልክ ባዶውን ላስቲክ አስይዛ «እንዲህ ጀበና ያለበትን» ነው የምትለው። ለነሱ ስሙ ስእሉ ነበር እኮ።

ይሄ ነገር ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። አሜሪካ ትሮፒካና የሚባለው የብርቱካን ጁስ እኤአ በ2009 ካርቶኑ ላይ የነበረችውን ስትሮ የተሰካባት ብርቱካን አንስቶ ብርጭቆ ሙሉ ጁስ አደረገበት፣ ሰው መደርደሪያ ላይ የለመደውን አጣ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ ወረደና ብርቱካኗ ተመለሰች። ጋፕ የልብሱ ድርጅት ደሞ በ2010 አዲሱን ሎጎ ሳምንት እንኳን አላቆየውም። ስታርባክስ የቡናው ድርጅት ግን በ2011፣ 40 አመቱን ሲይዝ ያደረገውን እዩ፣ ያኔም ሰው አጉረምርሟል፣ ግን ከሎጎው ያነሳው ጽሁፉን ነው፣ መሃሉ ላይ የተሳለችውን ሴትዮ አላስወጣትም፣ እስካሁንም አለች። የኛዎቹ ስእሉን ጥለው ጽሁፉን ያዙ፣ ግልባጩን ማለት ነው።

ባለቤቱን ጠይቄዋለሁ፣ ክፉ አልመለሰልኝም። የድሮዋ ማህተም ላይ አትወጣም፣ ስልክ ላይ ስታንስ የቀለም ጠብታ ነው የምትመስለው፣ ደሞ ውጪ ለመላክ እያሰብን ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሶስት ጭስና በርጩማ በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት አይገባም። ግን ጀበናን ያህል ለሎጎ የተመቸ ቅርጽ አለ? አንገት፣ ሆድ፣ እጀታ፣ አለቀ። ቅጠል ማንም አለው፣ ሻይውም ሳሙናውም የፀጉር ቅባቱም ቅጠል ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ማሸጊያው በጣም ተሻሽሏል፣ ይሄን አልክድም። ከፊቱ ትንሽ ቀዳዳ መሳይ ነገር አለችው፣ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ እሱን ታስወጣለች ከውጪ ግን አየር አታስገባም፣ ድሮ ላስቲኩ ተነፍቶ ኳስ ያክል ነበር። የተቆላበት ቀን ከጀርባው አለ፣ አፉም መልሶ ይዘጋል። አቆላሉ ያው የምናውቀው ነው፣ መካከለኛ፣ አላረረም፣ አቦሉ ወፍራም ሆኖ በረካው ላይ እንኳን ጣእም አለው። አፈጫጨቱ ግን ለጀበና ትንሽ ደቋል፣ ካላሰከናችሁት ስኒው ስር አተላ ይቀራል። ዋጋው 40 ብር ጨምሯል፣ ለቅጠሏ ይሁን ለማሸጊያው አላውቅም። ከጅማ ወረዳዎች የጎማ ቡና ይሁን የማና ወይስ የጌራ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ የሚል ነገር ደሞ የትም የለም፣ ውጪ እንልካለን ካሉ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን አይደል እንዴ?

ቡናው 9 ከ10፣ ማሸጊያው 8፣ ሎጎው 3፣ እሱም ለተማሪዎቹ ብዬ ነው። ለዘመድ የምትልኩ ከሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ አረንጓዴ ነው ብላችሁ ንገሩ። የድሮው ማሸጊያ ደሞ ገና አላለቀም፣ ሻጯን ቀስ ብላችሁ «ባለጀበናውን» ካላችኋት ከባንኮኒው ስር ታወጣለች፣ ትናንት ለእማዬ ሁለት ወስጃለሁ።