ለጀማሪ ቤተሰብ፦ ሊፍት ያለው የብስክሌት ፓርክ ወይስ የጫካ መንገድ?

ወጪ፦ ፓርኩ ሰውንና ብስክሌቱን ዳገቱ አናት ላይ የሚያደርሰውን ሊፍት ትኬት፣ የብስክሌት ኪራይ፣ አገጭ የሚሸፍን ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ያስከፍላል። በቤተሰቡ ቁጥር ሲባዛ ኪስ ይጎዳል። የጫካው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው።

ድካም፦ ሊፍት ዳገቱን ያስቀራል፤ ይህ ግን ያታልላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨብጦ የሚወርድ ጀማሪን ቀድሞ የሚከዳው ጣቱ ነው። የልጆች ጣት ደግሞ የፍሬኑ እጀታ ላይ በደንብ ላይደርስ ይችላል፤ ብዙ ፍሬኖች እጀታውን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን ስላላቸው ከመነሳትዎ በፊት ያስተካክሉላቸው። ጫካ ውስጥ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ኩርፊያም አይቀርም።

አደጋ፦ ፓርክ ውስጥ ፍጥነት ሳይጠሩት ይመጣል። አረንጓዴ ምልክት ያለው መስመር ቀላሉ ነው፤ ከባዱን፣ ጥቁሩን፣ ለዛሬ ይርሱት። ጫካ ውስጥ ግን ልጁ ከፈራ ወርዶ መግፋት፣ ካለቀሰም ዞሮ መመለስ ይቻላል።

ለማን? ልጆቹ ፔዳል ላይ ቆመው መንዳትና በሁለቱም ፍሬን መቆም ከለመዱ፣ አሰልጣኝም ከተገኘ፣ ፓርኩ የተከፈለበትን ያህል ዋጋ አለው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ቁልቁለት የሚፈራ ከሆነ ጫካው ይሻላል። እኔ ብሆን ጠዋት ጫካ እወስዳቸውና ፓርኩን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።