ካኖን 700ዲ፦ ያገለገለ ካሜራ ለጀማሪ

ፎቶ ማንሳት ለመጀመር የሚያስብ ሰው የትኛውን ካሜራ ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ካኖን 700ዲ ነው። ካሜራው ለገበያ የቀረበው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ ያገለገለውን ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ጠያቂዬ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ስንት ጊዜ ባጠራቀሙት ገንዘብ የሰው እጅ የነካውን ዕቃ መግዛት ለብዙዎቻችን ሽንፈት ይመስለናል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር ሴት ነኝ። ካሜራ የገዛሁት ሰርግ እያነሳሁ እንጀራ ልበላበት ሳይሆን የባቲን የሰኞ ገበያ፣ የሐይቅን ዳርቻና የዘመዶቼን ፊት ላነሳበት ነው፤ ምክሬም እንደ እኔ ላለ ሰው ነው።

700ዲ ከሌላው የጀማሪ ካሜራ ከኒኮን ዲ3500 ጋር በወረቀት ላይ ቢወዳደር አሸናፊው ኒኮኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል ያለው፣ ብርሃን ባነሰበት ቦታ የጠራ ፎቶ የሚሰጥ ካሜራ ነው። ባትሪው ደግሞ በአምራቹ መለኪያ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 1550 ፎቶ ያነሳል፤ የ700ዲ ባትሪ በዚያው መለኪያ 440 ላይ ይቆማል። መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ታዲያ ኒኮኑን ለምን ተውኩት? ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ነገሩን ቆረጡልኝ። «ልጄ፣ የኒኮን ሌንስ ብትይኝ ከየት አመጣልሻለሁ? የካኖን ከሆነ መሳቢያዬ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ውሰጂ፣ ሰኞ መልሺ» አሉኝ።

እውነትም እኔ በማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ የሚዞረው ካኖን ነው። ሌንሱም፣ ቻርጀሩም፣ ትርፍ ባትሪውም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኒኮን ዲ3500 ሌላም ጣጣ አለው። በካሜራው ውስጥ ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ስለሌለ፣ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ የኒኮን ሌንሶች ሲገጠሙለት ፎከሱን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ርካሽ ሌንስ አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ጀማሪ ይህን የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

እሺ ካኖን ይሁን፣ ግን ከእሱ በኋላ የመጣውን 2000ዲ ለምን አልገዛም የሚል ይኖራል። 2000ዲ 24 ሜጋፒክስልና ዋይፋይ አለው፤ 700ዲ 18 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ዋይፋይም የለውም። ሆኖም የ2000ዲ ስክሪን አይታጠፍም፣ በጣት ሲነኩት አይታዘዝም፣ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳም የለውም። 700ዲ ሦስቱንም ያሟላል። ከሁሉ የባሰው ግን ከአናቱ ላይ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ መሃል የምትቀመጠው የብረት ነጥብ በ2000ዲ ላይ መቅረቷ ነው። ርካሾቹ ማኑዋል (ኃይላቸው በእጅ የሚስተካከል) ፍላሾች የሚተኩሱት በዚያች ነጥብ በኩል ነው። ከሰው የተዋሱትን ፍላሽ ሰክተው ቁልፉን ሲጫኑ ዝም ይላል፤ ሰው ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ጀማሪን የሚያስበው ኩባንያ ለጀማሪው ካሜራ ይህቺን ትንሽ ብረት መንፈጉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ መቸኮል የለም። «እህቴ፣ እንደ አዲስ ነው» አለኝ ሻጩ። የማንም ካሜራ በሻጩ አፍ እንደ አዲስ ነው። ሌንሱን አውልቄ የስልኬን መብራት ከኋላው አበራሁና ከፊት በኩል አየሁ። ጥቂት አቧራ ጉዳት የለውም፤ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ከታዩ ግን ሻጋታ ነውና መመለስ ነው። የደሴ ክረምት ጉሙና እርጥበቱ ስለሚበረታ፣ በሣጥን ተዘግቶ የከረመ ሌንስ እዚያ ቶሎ ይሻግታል። የመጀመሪያው ሌንስ እንደዚያ ሆኖ ስላገኘሁት ሌላ አስመጣሁ። ቀጥዬ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል፣ ሲያንስ ይሰፋል) 22 ላይ አድርጌ ነጭ ግድግዳ አነሳሁና ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አጎላሁት። እዚህም እዚያም የሚታዩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በሴንሰሩ (ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፤ ይጸዳሉ፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳሉ። ስክሪኑን ዘርግቼ ዙሪያውን ሳሽከረክረው ምስሉ ብልጭ ድርግም አለማለቱንም አየሁ፤ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ አነሳ የሚለው ጥያቄ በካኖን ያስቸግራል። ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ 700ዲ ግን አይጽፈውም፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። በፎቶው ስም ላይ ያለው ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም፤ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ «አምስት ሺህ ብቻ ነው ያነሳው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በምን እንዳወቀ ጠይቁት። እኔ የተማመንኩት በመያዣው ጎማና በቁልፎቹ ላይ ነው፤ ጎማው ከለሰለሰ፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ ከተፋቀ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ለቀን ብርሃን ይበቃል። ማታ ቤት ውስጥ ግን በ5.6 አፐርቸር የሚሰጠው ፎቶ ወይ ይደበዝዛል ወይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። በዚህ ጊዜ የአዛውንቱ መሳቢያ ደረሰልኝ። በ50 ሚሊሜትሩና አፐርቸሩ እስከ 1.8 በሚከፈተው ሌንስ ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባል። ቡና ሲፈላ የእናቴን ፊት በመስኮት ብርሃን ብቻ አንስቼዋለሁ፤ ከኋላዋ ያለው ቁም ሣጥን ሟሙቶ ጠፍቷል። ችግሩ የካሜራው ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው እይታውን እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ማጥበቡ ነው። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ብሄድም አራት ሰው በአንድ ላይ አይገባልኝም።

ለእኛ አገር ከሌንስም በላይ ማወቅ የሚያስፈልገው የነጭ ልብስን ጉዳይ ነው። ጥምቀትም ይሁን ኢድ፣ ሰዉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድማ፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ይሆናል። በ700ዲ መፍትሔው ቅርብ ነው። ኤቪ (አፐርቸሩን ሰው መርጦ ሌላውን ካሜራው የሚያስተካክልበት ምርጫ) ላይ ሆኖ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንደተጫኑ ከላይ ያለውን ጥርሳም መዞሪያ በአውራ ጣት ሳይሆን በጠቋሚ ጣት ማዞርና ብርሃኑን ከዜሮ ወደ አንድ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን በኮምፒውተር እናስተካክላለን ይላሉ፤ ጥላ ውስጥ የቀረን ፊት በኋላ ሲያበሩት የሚወጣውን ሻካራነት ያየ ሰው ግን ሲያነሳ ማስተካከልን ይመርጣል።

ደሴና ኮምቦልቻን ለሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ደሴ ላይ በብርድ የዋለ ካሜራ ሐረጎን (በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ቁልቁለት) ወርዶ ሞቃታማው ኮምቦልቻ ሲደርስ ከቦርሳው ወዲያው ከወጣ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። ቦርሳው እንደተዘጋ ሙቀቱን እስኪለምድ መታገስ ነው፤ በነጠላ ጫፍ መጥረግ መስተዋቱን ይጭረዋል።

ቪዲዮ ዋና ሥራው ለሆነ ሰው 700ዲን አልመክርም። በስክሪኑ እያዩ ሲቀርጹ ፎከሱ ሰውን ለመያዝ ይንገላታል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ3200 በላይ ሲወጣም ምስሉ ይሻክራል። ዋይፋይ ስላጣሁ ግን ብዙም አልተጎዳሁም፤ በስልክ ላይ የሚሰካ የሜሞሪ ማንበቢያ ገዝቼ ፎቶዎቹን በእሱ እገለብጣለሁ። ቀጥዬ ላገኘው የምፈልገው 55-250 ሌንስ ነው፤ በባቲ ገበያ ግመል ሻጮቹን ሳልረብሽ ከሩቅ ለማንሳት፣ ካስፈቀድኳቸው በኋላ። ሻጩ በምርቃት የሰጠኝን ቦርሳ ግን እንኳን ለካሜራ ለምሳ ዕቃም አልመርጠው፤ ዚፑ ገና ሐረጎን ሳንጨርስ ተፈታ።