ለዋታሙና ለማሊንዲ ባሕር የትኛው ይገዛ፤ ትሮሊንግ ሪል ወይስ ስፒኒንግ ሪል?

ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ በተለይም ወደ ዋታሙና ማሊንዲ ለስፖርት ዓሣ ማጥመድ የሚጓዙ ወዳጆቼ ወቅቱ በቀረበ ቁጥር የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል ብያለሁ። ጥያቄው፣ ክሩ ከሚጠቀለልባቸው መሣሪያዎች (ሪሎች) መካከል ጀልባው እየሄደ ከኋላ ማባበያ ለመጎተት የሚያገለግለው ትሮሊንግ ሪል ይሻላል ወይስ ክሩን በዘንግ ለመወርወር የሚያመቸው ስፒኒንግ ሪል የሚል ነው። መልሴ ትሮሊንግ ሪል ነው፤ ሞዴሉንም ጥቀስ ከተባልሁ ሺማኖ ቲኤልዲ 25ን እመርጣለሁ።

በመጀመሪያ ግን መግዛት የማያስፈልገው ሰው አለ። ትልቁን ጀልባ ለሙሉ ቀን የሚከራይ ሰው ዘንጉም፣ ሪሉም፣ ማባበያውም በኪራዩ ውስጥ ስለሚካተትለት ገንዘቡን ለነዳጅና ለመርከበኞቹ ጉርሻ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። የራስ ሪል የሚያስፈልገው ወጪ ለመቀነስ ሲል ሞተሩ ከኋላ የተገጠመለትን ትንሽ ጀልባ ከጓደኞቹ ጋር ለሚጋራ ሰው ነው፤ በእነዚህ ጀልባዎች ላይ የሚገኘው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በጨው የተበላ፣ ዓሣው ክሩን ሲስብ የሚገታው የሪሉ ፍሬንም አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ ነውና።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ቲኤልዲ 25 በአሜሪካ ገበያ 200 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ለዚሁ ባሕር ይመጥናል የሚባለው ስፒኒንግ ሪል፣ ለምሳሌ ከፔን ስላመር 4 ትልልቆቹ መጠኖች አንዱ፣ ወደ 300 ዶላር ይጠጋል፤ የሺማኖ ስቴላ ደግሞ 1,000 ዶላርን ይዘላል። ገዢዎች የሚዘነጉት ግን የክሩን ዋጋ ነው። ትሮሊንግ ሪሉ በተራ ናይለን ክር ይሠራል፤ 15 ኪሎ የሚችል ጥሩ ናይለን ሪሉን እስኪሞላ ድረስ 25 ዶላር አካባቢ ይፈጃል። ትልቁ ስፒኒንግ ሪል ግን ሩቅ የሚወረውረውም በቂ ርዝመት የሚይዘውም በቀጭኑ የተጎነጎነ ክር ነው፤ እውነተኛው የተጎነጎነ ክር ደግሞ በዚያ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ50 ዶላር በላይ ያስወጣል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ወረቀቱ ላይ ከሚታየው 100 ዶላር በላይ መሆኑን ከመግዛት በፊት ማስላት ይገባል።

የታዋቂ ስም ተለጥፎበት የሚሸጠው የሐሰት ቅጂ ችግር የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው፤ ወጪው የከበደው ገዢ የሚቆጥበው ከክሩ ላይ ነውና። አንድ ወዳጄ በግማሽ ዋጋ ያገኘውን የታዋቂ ስም ያለበት የተጎነጎነ ክር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። በማሸጊያው ላይ 50 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 23 ኪሎ የሚጠጋ እንደሚችል የተጻፈ ቢሆንም፣ በተንጠልጣይ ሚዛን ስንስበው የዚያን ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አዲስ ክር ሳልመዝን ወደ ባሕር ይዤ አልወጣም፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። በሪሎቹም በኩል ስም የሌላቸው ስፒኒንግ ሪሎች «13 ኩሽኔታ» እያሉ በቁጥር ይማርካሉ፤ ኩሽኔታዎቹ ግን ጨው በነካቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዝገው ድምፅ ማሰማት ይጀምራሉ። የኩሽኔታ ብዛት በጉልህ የተጻፈበትን፣ የፍሬኑ አቅም ግን ያልተጠቀሰበትን ሪል አለመግዛት ነው።

ስፒኒንግ ሪል የሚመርጡት ወዳጆቼ ዋና ምክንያታቸው ከሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው የኮራል አለት ላይ እየወረወሩ ማጥመድ ነው። ይህ ምኞት ከሕጉ ጋር ይጋጫል። የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች በ1968 እ.ኤ.አ. የተከለሉ ሲሆን፣ በክልላቸው ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ብዙዎቹ ሆቴሎች የሚያዩት ውብ አለት ደግሞ በፓርኩ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ የሚጠመደው ዓሣ ያለው ከአለቱ ውጭ በጥልቁ ውኃ ነው፤ እዚያም ጀልባው ከ6 እስከ 8 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) እየሄደ ማባበያ ይጎትታል እንጂ አይወረወርም።

የዓሣው ዓይነትም ይህንኑ ያጠናክራል። ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ትናንሽ ጀልባዎች እምብዛም አይወጡም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ቢጫ ክንፍ ቱና ይመጣል፤ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ አካባቢውን ስመ ጥር ያደረገው ሴይልፊሽ የተባለው ዓሣ በብዛት ይገኛል፤ ከዚያም እስከ መጋቢት ድረስ የትልቁ ዓሣ የማርሊን ተራ ነው። ዋሁና ዶራዶ የሚባሉት ዓሦችም በመካከል ይያዛሉ። እነዚህ ሁሉ በመጎተት የሚያዙ ናቸው።

ሴይልፊሽ ማባበያውን ወዲያው አይውጥም፤ አስቀድሞ በረጅም አፉ ይመታዋል። በዚያች ቅጽበት ክሩን በአውራ ጣት ተቆጣጥሮ መልቀቅ፣ ዓሣው ከዋጠው በኋላ የፍሬኑን ማንሻ ወደፊት ገፍቶ መያዝ ያስፈልጋል። ትሮሊንግ ሪሉ ይህን በአንድ እንቅስቃሴ ይሠራል፤ በስፒኒንግ ሪል ግን ክሩን የሚይዘውን የሽቦ ቅስት ከፍቶ መልሶ እስኪዘጋ ድረስ ክሩ ይላላል፣ ይጠላለፋል። ከዚህም በላይ የማንሻው ፍሬን አስቀድሞ በሚዛን ሊለካ ይችላል፤ ለ15 ኪሎ ክር ከ4 እስከ 5 ኪሎ አድርጎ ከወሰኑት በኋላ በትግሉ መካከል ማንሻው ወዴት እንዳለ በዓይን ይታያል። የስፒኒንጉ ፍሬን በሚጠመዘዝ ቁልፍ ስለሚሠራ፣ የደነገጠ ጀማሪ ምን ያህል እንዳጠበቀው ሳያውቅ ክሩን ይበጥሳል። ዓሣው ክር እየወሰደ ሳለ መዘውሩን ቢያዞር ደግሞ ክሩ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ ይህን ከአንድ ሰው በላይ ሲያደርገው አይቻለሁ። በዋታሙ ሴይልፊሽ በአብዛኛው ምልክት ተደርጎበት ወደ ባሕር የሚመለስ በመሆኑ፣ በተበጠሰ ክር መንጠቆና ማባበያ ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ጥገናን በሚመለከት ልዩነቱ ከሁሉም የሰፋ ነው። በስፒኒንግ ሪል መጀመሪያ የሚበላሸው ክሩ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ላይ ያለው ትንሽ ኩሽኔታ ነው፤ ቀጥሎ መዘውሩ ወደኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ክፍል መንሸራተት ይጀምራል። ውኃ እንዳያስገቡ የታሸጉት ውድ ሞዴሎች በእርግጥ ይሻላሉ፤ ነገር ግን ማሸጊያ ጎማው አንዴ ካረጀ ወይም በስህተት ከተገጠመ የገባው ጨዋማ ውኃ መውጫ አጥቶ ውስጡን ይበላዋል። ቲኤልዲ 25 ግን ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ሞዴል ስለሆነ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ጥቂት ብሎኖች ተፈትተውም ውስጡ ይታያል። ማወቅ የሚያስፈልገው የፍሬኑ ዲስክ ዘይት እንዳይነካው፣ ከባሕር ሲመለሱም በዝግታ በሚፈስ ውኃ እንጂ በኃይል በሚረጭ ውኃ እንዳይታጠብ፣ ሲቀመጥም ማንሻው ሙሉ በሙሉ ወደኋላ እንዲመለስ ነው።

ጉድለቶቹንም መደበቅ አልፈልግም። አካሉ ግራፋይት ስለሆነ በከባድ ማርሊን ጉልበት ይለመጣል፤ ክሩን ራሱ ስለማያደላድል በአውራ ጣት ግራና ቀኝ ማደላደል ያስፈልጋል፣ አለዚያ በአንድ ወገን ተከምሮ ይቆልፋል። መወርወርም አይቻልበትም። ስለዚህ ከፓርኩ ክልል ውጭ በሚገኙ አለቶች ላይ ኮሌኮሌ የሚባለውን ትልቅ ትሬቫሊ በውርወራ ለመያዝ የቆረጠ ሰው ስፒኒንግ ሪል መግዛቱ ትክክል ነው፤ ለእርሱ ግን ርካሹን አልመክርም፣ ከስላመር ደረጃ በታች ያለው ያንን ዓሣ አይችልምና።

200 ዶላሩ የሚከብደው ሰው ከአዲስ የሐሰት ቅጂ ይልቅ ያገለገለ እውነተኛ ቲኤልዲ ይፈልግ። ሲገዛም መዘውሩን ቀስ ብሎ እያዞረ ኩሽኔታው መንቀርቀሩን ያድምጥ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ክሩን በእጁ ሲስብ እየዘለለ ሳይሆን እየተንሸራተተ መውጣቱን ይመልከት፣ ዘንግ ላይ የሚታሰርበትን እግር ስንጥቅ እንደሌለው ይመርምር። ኩሽኔታው በርካሽ ይለወጣል፤ እግሩ የተሰነጠቀውን ግን በምንም ዋጋ አይግዛ።