የእድገት ሆርሞን፦ የሚወጋው ወይስ የሚዋጠው?

አዳማ ውስጥ ልጁ የእድገት ሆርሞን እጥረት ያለበት ወላጅ ሁለቱን መንገዶች ሲያነጻጽር ቀድሞ የሚያሳስበው የማስቀመጫው ጉዳይ ነው፤ 191 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት ሶማትሮፒን፣ ማለትም በመድኃኒትነት የሚመረተው የእድገት ሆርሞን፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ፣ የተለመደው ዓይነቱም በየዕለቱ ከቆዳ ሥር መወጋት ስላለበት፣ የከተማዋ ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ ሸክሙን ያከብዱታል። ቢዋጥ ደግሞ ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም የምግብ ፕሮቲን ይፈጫል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ የራሱን የእድገት ሆርሞን እንዲለቅ የሚቀሰቅሱ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ወደ መሥራት ዞሩ። ስድስት አሚኖ አሲዶች ያሉት ጂኤችአርፒ-6 በደም ሥር ሲሰጥ ብርቱ ቢሆንም፣ በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። ማሲሞረሊን ግን ኢንዛይሞች በቀላሉ እንዳይቆርጡት ቅርጹ ስለተለወጠ ተጠጥቶ ይሠራል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው የአዋቂዎችን እጥረት ለመመርመር እንጂ ለማከም አይደለም። ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ያልሆነው ኢቡታሞረን በቀን አንዴ የሚዋጥ ሲሆን፣ የምግብ ፍላጎትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ለሕክምናም አልጸደቀም (በስፖርት ቤቶች መወደሱ ይህን አይለውጠውም)።

በእኔ ግምት ወሳኙ ልዩነት የሚዋጠው የሚሠራው ዕጢው ለቅስቀሳው ምላሽ መስጠት ሲችል ብቻ መሆኑ ነው፤ ዕጢው ክፉኛ ለተጎዳበት ልጅ ምርጫው መርፌው ነው።